ባንዱ ታረቀ፤ አልበሙን ግን ማን ያውጣው?

ፒያሳ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ማኪያቶው ከቀረበ ቆይቷል። ጓደኛዬ የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ለእኔ ሰጠኝ፣ ሌላውን ራሱ ጆሮ ላይ ሰካ። ከዚያ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ «ቁጠር» አለኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ሄድኩ። ሰባት ላይ ስደርስ ምቱ ወደ አንድ ተመለሰ። እኔ ስምንትን እየጠበቅኩ ቀረሁ። እሱ ሳቀ። አስተናጋጇ ሒሳብ የጠየቅን መስሏት መጣች።

ዘፈኑ 11 ደቂቃ ነው። መሃሉ ላይ ሁለት ጊዜ ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። ድራሙን የሚመታው ይኸው ማኪያቶውን ያስቀዘቀዘው ጓደኛዬ ነው። ባንዱን የመሠረቱት አምስት ሆነው፣ ዩኒቨርሲቲ እያሉ ነው። ልምምድ የሚያደርጉባት ክፍል ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ነበረች። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የእንቁላል ካርቶን። ክረምት ሲገባ ልምምድ ይቆማል፤ የጣሪያው ጩኸት ድራሙን ይበልጠዋል።

ከዚያ ተበተኑ። ሊድ ጊታሪስቱ ዲቪ ደርሶት ሜሪላንድ ገባ። ኪቦርዲስቱ ሰርግ ላይ መጫወት ጀመረ፤ እንጀራ ነው። ቤዝ የሚጫወተው ባንክ ተቀጠረ። ድምጻዊው ከሊድ ጊታሪስቱ ጋር ተኳርፎ ነበር፤ በምን እንደተኳረፉ አሁን ሁለቱም በደንብ አያስታውሱትም። ከአሥር ዓመት በላይ እንዲሁ አለፈ። አምና አንዱ የድሮ ልምምድ ቅጂ አግኝቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። በዚያው ሌሊት ግሩፕ ተከፈተ። ጊታሩ ሜሪላንድ፣ ድራሙ አዲስ አበባ ተቀረጸ። አሁን አልበሙ ሊያልቅ ነው። ሙዚቃ ቤት የለበትም፣ ኩባንያ የለበትም። ራሳቸው ሊያወጡት ነው።

«ነጻነት ነው ወንድሜ» አለኝ።

እኔ እንደሱ አልታየኝም። ኩባንያ ሲወጣ ዕዳውም ባለቤትነቱም ጭቅጭቁም አብረውት አይወጡም። ባንዱ ውስጥ ይገባሉ። ለአዲስ ባንድ ይሄ ብዙ ላያሳስብ ይችላል። አንድ ጊዜ ተኳርፎ ለታረቀ ባንድ ግን ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ ሙዚቃውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። ባንዱ የሚጫወተው ፕሮግሬሲቭ ሜታል ነው። ይህ ሙዚቃ ከሜታል የወሰደው ከባዱን ጊታርና ድራም ነው። አካሄዱ ግን እንደ ረጅም ወግ ነው፤ ይጀምራል፣ ይቀየራል፣ ሌላ ቦታ ይደርሳል፣ ዞሮ ይመጣል። አዝማች እየጠበቀ የሚያዳምጥ ሰው ይከፋዋል። ምቱም በአራት ብቻ አይሄድም። በአምስት፣ በሰባት፣ በዘጠኝ ይቆጠራል። ብዙ ሰው «ለእኛ ጆሮ አይሆንም» ይላል። አልስማማም። በስድስት በሚቆጠረው ችክችካ ትከሻውን እየነቀነቀ ያደገ፣ የትግርኛውን የአምስት ምት ሰርግ ላይ ሳይቆጥር የሚጨፍር ሰው ሰባት ቢመጣበት ለምን ይደነግጣል? ደግሞ አንድ የማይረሳኝ ነገር አለ። የዚህ ሙዚቃ ትልቁ ስም የሆነው ድሪም ቲያትር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1985 ቦስተን፣ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ውስጥ ነው። ከዚያ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቀድሞ በዚያው ትምህርት ቤት የተቀመጠ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ።

ተበትኖ መሰባሰብ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ የተለመደ ነው። የድሪም ቲያትር ድራመር ማይክ ፖርትኖይ እ.ኤ.አ. በ2010 ለቆ በ2023 ተመለሰ፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ አብረው አልበም አወጡ። እነሱ ግን ትልቅ ኩባንያ ከጀርባቸው አለ። ሳይኮቲክ ዋልትዝ የሚባሉት የሳንዲያጎ ልጆች በ1997 ተበትነው በ2010 ታረቁ። አልበሙ የወጣው በ2020 ነው። አሥር ዓመት! ሳይኒክ ደግሞ በ1993 አንድ አልበም አውጥተው ጠፉ፤ በ2006 ተሰባስበው በ2008 ሁለተኛውን አመጡ። በ2020 የድሮው ድራመራቸውና ቤዝ ተጫዋቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ አረፉ። የታረቀ ባንድ ዕድሜው አጭር ነው። ወይ ሞት፣ ወይ ሥራ፣ ወይ ያው የድሮው ኩርፊያ ይመጣል። ኩባንያ እስኪገኝ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የማይመከረው ለዚህ ነው።

ራሳቸው ካወጡት ውስጥ ፌይዝ ኖ ሞርን እጠቅሳለሁ። ፕሮግሬሲቭ ሜታል ናቸው ብል የሚጣላኝ ሰው አለ፤ ጎረቤት ናቸው ልበል። እ.ኤ.አ. በ2009 ተሰባሰቡ፣ በ2015 ደግሞ ከ18 ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን አልበም አወጡ። በራሳቸው ሌብል፣ ማለትም በራሳቸው አሳታሚ ድርጅት፣ ነው ያወጡት። የቀረጹት ኦክላንድ ባለው መለማመጃ ቦታቸው ነው። ፕሮዲውስ ያደረገው የገዛ ቤዝ ተጫዋቻቸው ነው። አንድ ነገር ግን አለ። ከዚያ በፊት ዓመታት ሙሉ መድረክ ላይ ሠርተዋል። ባዶ ኪስ ይዘው አልጀመሩም።

ኩባንያ ማለት በቀላል አማርኛ አበዳሪ ነው። ቀብድ ይሰጥሃል። በቀብዱ ስቱዲዮ ትገባለህ። ሽያጭ ሲጀምር ቀብዱ ከአንተ ድርሻ ላይ ይቆረጣል። ተመልሶ እስኪያልቅ ሳንቲም አታይም። ካለቀ በኋላም ብዙ ጊዜ ማስተሩ፣ ማለትም ዋናው ቅጂ፣ የኩባንያው ሆኖ ይቀራል። በባንክ ብድር ቤት ሠርተህ፣ ብድሩን ከፍለህ ጨርሰህ፣ ካርታው በባንኩ ስም ሲቀር አስበው። ታዲያ ለምን ይፈርማሉ? የሚያውቃቸው ስለሌለ ነው። ኩባንያው ከሰው ያስተዋውቃቸዋል።

የታረቀ ባንድ ጋ ስሌቱ የሚቀየረው እዚህ ላይ ነው። አድማጩ አለ። ያኔ ሃያ ዓመቱ ነበር፣ አሁን አርባ። ያኔ ካሴት ተውሶ ነበር የሚያዳምጠው፣ አሁን ደመወዝ አለው። ይሄ ሰው መተዋወቅ አያስፈልገውም፤ «ወጣ» መባል ብቻ ይበቃዋል። እንግሊዞቹ ማሪሊየኖች ይህን ቀድመው ነቁበት። እ.ኤ.አ. በ2001 ላወጡት አልበም ገና ሳይቀረጽ ከ12 ሺህ በላይ አድማጮች ከፍለው ጠበቁ። የካናዳዎቹ ፕሮቴስት ዘ ሂሮ በ2013 ከአድማጭ 125 ሺህ ዶላር ጠይቀው ከ340 ሺህ በላይ ሰበሰቡ። እነሱ ፕሮግሬሲቭ ሜታል ለመሆናቸው የሚከራከር የለም።

ሁሉም ግን እንዲህ አያልፍለትም። ፕሌጅ ሚዩዚክ የሚባለው የማዋጫ ድረ ገጽ በ2019 ሲወድቅ አድማጭ የከፈለው ገንዘብ ለሙዚቀኞቹ ሳይደርስ ቀርቷል። እቁብ ሰብሳቢው ይዞት ጠፋ እንደሚባለው ነው። አድማጭ ድረ ገጹን አያውቀውም። የሚያውቀው ባንዱን ነው፣ የሚቀየመውም ባንዱን።

ሌላው ነገር የዘፈን ርዝመት ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚያስደምጠው ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን ከ30 ሰከንድ በላይ ከተደመጠ እንደ አንድ ጊዜ ይቆጠራል። የሦስት ደቂቃ ዘፈንም አንድ ነው፣ የጓደኛዬ 11 ደቂቃም አንድ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ያደመጣቸው ሰው ስድስት ብቻ ይቆጠርላቸዋል። በዚያው አንድ ሰዓት የፖፕ ዘፋኙ ሃያ ይቆጠርለታል። ክፍያው ደግሞ በአንድ መደመጥ ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ግማሽ አይሞላም። ከ2024 ወዲህ በዓመት ከአንድ ሺህ ጊዜ በታች ለተደመጠ ዘፈን ጭራሽ አይከፈልም። ረጅም ዘፈን የሚሠራ ባንድ እዚያ ቤት ገብቶ እንጀራ አያገኝም።

ስለዚህ ይሸጣሉ። ሙዚቀኛ በቀጥታ ለአድማጭ የሚሸጥበት ባንድካምፕ የሚባል ድረ ገጽ አለ። እዚያ አንድ አልበም በ10 ዶላር ሸጡ እንበል። ድረ ገጹ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ይወስዳል፤ ሽያጩ 5 ሺህ ዶላር ሲያልፍ ወደ 10 ይወርዳል። አንድ ሺህ ሰው ቢገዛቸው የክፍያ ማስተላለፊያው ሳይቀነስ ከ8 ሺህ 500 ዶላር በላይ ይቀራቸዋል። ይህንን ከስፖቲፋይ ለማግኘት ዘፈኖቻቸው ከሁለት ሚሊዮን ጊዜ ያላነሰ መደመጥ አለባቸው። አንድ ሺህ የቆረጠ አድማጭ ይበቃል ማለት ነው። ለታረቀ ባንድ ደግሞ አንድ ሺህ ሰው ህልም አይደለም። (ባንድካምፕም ቢሆን የሰው ቤት ነው። በ2022 ለአንድ የጌም ኩባንያ ተሸጠ፣ በ2023 ለሌላ ተሸጠ፣ ያኔም ግማሽ ያህሉ ሠራተኛ ተሰናበተ። ነጻ ነን ያሉት ሁሉ ተከራይ ናቸው።)

አሁን ወደ ፒያሳ ልመለስ።

እዚህ ከተማ ሙዚቃን ራስ ችሎ ማውጣት የተጀመረው ሕግ በመጣስ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። በ1961 ዓ.ም. ሃያዎቹ ውስጥ የነበረ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ይህን ወደ ጎን ብሎ ዓለማየሁ እሸቴን ቀረጸ። ሸክላው ህንድ አገር ታትሞ መጣ። እስከ 1967፣ አገር ለቆ እስኪወጣ ድረስ፣ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችና ደርዘን ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» እያለ ከሚያዳምጠው ብዙው በዚህ ሰው ድፍረት የመጣ ነው። ያኔ የሚከለክል ነበር፣ የሚገዛም ነበር። ዛሬ የሚከለክል የለም። የሚከፍል ነው የጠፋው።

በመሃል የካሴት ዘመን ነበር። ሙዚቃ ቤቱ ለድምጻዊው በቁርጥ ይከፍላል፣ ካሴቱን ያባዛል፣ ያተርፋል ወይ ይከስራል። ከጀርባ የሚጫወተው ባንድ የዕለቱን ተቀብሎ ይሄዳል። ሮሃ ባንድ በመቶ በሚቆጠሩ ካሴቶች ላይ ተጫውቷል፤ ሽፋኑ ላይ ፎቶው ያለው ግን ድምጻዊው ነው። ከዚያ ሲዲ መጣ፣ ከሲዲ በኋላ ፍላሽ ላይ መጫን መጣ፣ ሙዚቃ ቤቶቹም አንድ በአንድ ሞባይል መሸጫ ሆኑ። አውታርና ሰዋስውን የመሰሉ የአገር ውስጥ መተግበሪያዎች ክፍተቱን ለመሙላት ሞክረዋል፤ ጥሩ ሙከራ ነው። ሜታል ግን እዚያ ሂዶ ከማን ጎን ይቀመጣል? ከሮክ እንኳ ብዙ ሰው በስሙ የሚያውቀው በ2005 ዓ.ም. ከአሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ቢል ላስዌል ጋር ሠርቶ አልበም ያወጣውን ጃኖ ባንድን ነው። ስለዚህ ውጭ አገር «ኢንዲፔንደንት ነን» የሚለው ባንድ አማራጭ ነበረው፣ መርጧል። የእኔ ጓደኞች ማንም አልጠየቃቸውም።

የዋልያስ ባንዱን ኪቦርዲስት የኃይሉ መርጊያን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። ዋልያስ ባንድ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሄዶ ከፊሉ እዚያው ቀረ። ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ኖረ። በ1985 አኮርዲዮኑን ይዞ ብቻውን የቀዳው ካሴት ነበር። አንዱን ቅጂ የአንድ ትንሽ የአሜሪካ ሌብል ባለቤት ባሕር ዳር አገኘው፣ ኃይሉን ፈልጎ በ2013 እንደገና አሳተመው። በ2018 አዲስ አልበም ተከተለ። ያ ሌብል ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል ነው የሚካፈለው። ኃይሉ ደንበኛ እየጠበቀ መኪናው ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ይለማመድ እንደነበር በብዙ ቦታ ተጽፏል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጣቱ የታዘዘለት ለዚህ ይመስለኛል። ሌብሉ ያመጣው ገዢውን ነው።

የእኔ ጓደኞች ጣታቸውን የሚያፍታቱበት ቦታ የላቸውም። የዶሮ ማነቂያዋ ክፍል ከሰፈሩ ጋር በ2016 ዓ.ም. ፈረሰች። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው የሙዚቃ መድረክ ጃዛምባ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ጠፋ። ካዛንቺስ የነበረው ፈንዲቃም ከሰፈሩ ጋር ተነሳ። ጊታር በፋይል ይላካል፤ ድራም ግን አይላክም። ድራም ክፍል ይፈልጋል፣ የማይቆጣ ጎረቤት ይፈልጋል። ጓደኛዬ ለልምምድ የሚከፍለው በሰዓት ነው። የሚሰበረው እንጨት፣ የሚቀደደው የድራም ቆዳ ሁሉ በዶላር የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዶላር በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለ ወዲህ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። «አሁን በቀስታ ነው የምመታው» ይላል፤ እየቀለደ ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም።

ገንዘቡስ በየት በኩል ይገባል? ባንድካምፕ ለሙዚቀኛው የሚልከው በፔይፓል ነው። እዚህ ያለ ሰው በዚያ መንገድ መቀበል ስለማይችል የሜሪላንዱ ጊታሪስት አካውንት ከፍቷል። የውጭው ሽያጭ በሙሉ በእሱ ስም ይገባል። ለአገር ውስጥ ደግሞ በቴሌብር ትልካለህ፣ ስክሪንሹት ትልካለህ፣ ሊንክ ይመጣልሃል። ለሙከራ አንድ ነጠላ ዜማ እንዲህ ሸጡ። እኔም ከፈልኩ። በሦስተኛው ቀን ዘፈኑ ከማላውቀው ግሩፕ ፎርዋርድ ሆኖ በነጻ ደረሰኝ። ከስሩ አንድ ልጅ «እነዚህ እነማን ናቸው? ሌላ አላቸው?» ብሎ ጽፏል። ተናድጄ ነበር፣ ይሄን ሳይ ግን ንዴቴ በረደ። ሊንኩን ላኩለት።

አንድ ነገር ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። ያ 11 ደቂቃ ስምንት ቢሆን ይሻለው ነበር። መሃሉ ላይ ኪቦርዱና ጊታሩ እየተቀባበሉ የሚሄዱበት ቦታ አለ፤ መጀመሪያ ያምራል፣ ከዚያ ይረዝማል፣ ከዚያ ሰዓት ታያለህ። ሙዚቃ ቤት ቢኖር ባለቤቱ «ወንድሜ፣ ይቺን ቁረጣት» ይል ነበር። እነሱ ጋ ግን ማን ይበል? ጊታሪስቱ ሚክሲንጉን፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች አንድ ላይ ማዋሃዱን፣ ከኪሱ ከፍሏል። ድምጻዊው ከእሱ ጋር የታረቀው ገና አምና ነው። ቤዝ ተጫዋቹ ሰላም ፈላጊ ሰው ነው። ስለዚህ ሁሉም «አሪፍ ነው» ይላል። የታረቁ ባንዶች የሚያወጧቸው አልበሞች ብዙ ጊዜ የሚረዝሙት ለዚህ ይመስለኛል። ገና የታረቀ ሰው ሃይ ማለት ይፈራል። ኩባንያ ሲኖር የሚጠላው እሱ ነበር፤ ባንዱ እርስ በርሱ ይዋደድ ነበር።

ከዚህም የሚብስ ጥያቄ አለ። ማስተሩ የማን ነው? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለተጫዋቹም ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሩም ለየብቻ መብት ይሰጣል። ጥበቃው 50 ዓመት ነው። እንግዲህ እዚህ ፕሮዲዩሰሩ ማን ነው? ለሚክሲንግ የከፈለው? ድራሙን ያስቀረጸው? በስሙ አካውንት የከፈተው? ወይስ አምስቱም? አንድ ቀን ፊልም ሠሪ መጥቶ ዘፈኑን ልግዛ ቢል ማን ይፈርማል? ኪቦርዲስቱ ነገ ሰርጉ በዝቶበት ቢወጣ ድርሻውን ይዞ ይሄዳል ወይስ ድርሻው ይቀራል? ወረቀት ላይ ያለ ነገር የለም።

ይህንን ጠየቅኩት። ማኪያቶው ቀዝቅዟል፤ እንደዚያው ጠጣው።

«እኛ እኮ ጓደኛሞች ነን» አለ።

«ያኔም ጓደኛሞች ነበራችሁ» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን አነሳና የባንዱን ግሩፕ ከፈተ። አሥር ጊዜ ያህል ጻፈ፣ አጠፋ። መጨረሻ ላይ የላከው አጭር ነው፤ «ልጆች፣ ማስተሩ በማን ስም ይሁን?» ሒሳብ ከፍለን ወጣን፣ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ፖስታ ቤት ድረስ በእግራችን ወረድን። በየመንገዱ ስልኩን ያያል። ሜሪላንድ ያለውም ጭምር አራቱም አይተውታል። የመለሰ አልነበረም።